ዚንኩ የት ነው? በዕፅዋት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የማዕድን አዮኖችን ስርጭት በምስል የማሳየት መመሪያ

አንድ እፍኝ ስንዴ ተፈጭቶ፣ በአሲድ ሟምቶ በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ሲለካ በመጨረሻ የሚገኘው አንድ ቁጥር ነው፤ ለምሳሌ ዚንኩ በኪሎ ግራም 30 ሚሊ ግራም ነው ይባላል። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ያ ዚንክ በፍሬው ውስጥ የት እንደተቀመጠ ምንም አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በ2006 የቱርክ ተመራማሪዎች ያሳተሙት የስንዴ ጥናት፣ በሽሉና ከፍሬው ቆዳ ሥር ባለው ስስ የአሊዩሮን ንጣፍ ውስጥ ያለው ዚንክ በኪሎ ግራም ወደ 150 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነጩ ዱቄት በሚወጣበት የፍሬው ክፍል ግን ወደ 15 ሚሊ ግራም ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። ፉርሽካውና ሽሉ በወፍጮ ተለይተው ሲወጡ አብዛኛው ዚንክ አብሯቸው ይወጣል ማለት ነው። ለዚህም ነው በዘር ማሻሻል፣ በማዳበሪያም ሆነ በሥነ ምግብ ላይ የሚሠራ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «የትስ ነው?» ብሎ መጠየቅ የሚገባው።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ያንን ሁለተኛ ጥያቄ በምስል ለመመለስ ለሚፈልጉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች ነው። ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፦ ምስሉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ናሙናው ማይክሮስኮፕ ሥር ከመድረሱ በፊት ነው። አዮን ውሃ ባለበት ሁሉ ይንቀሳቀሳል፤ ናሙናው ሲቆረጥ፣ ሲታጠብ፣ ሲደርቅ ቦታውን ከለቀቀ በኋላ የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢመጣ የሚያሳየው ዕፅዋቱ ያስቀመጠበትን ቦታ ሳይሆን እኛ የገፋንበትን ቦታ ነው።

የትኛው አዮን፣ በምን መልክ?

አንድ ማዕድን በሕዋስ ውስጥ በአንድ ቦታና በአንድ መልክ ብቻ አይገኝም። ካልሲየምን እንውሰድ፦ ከፊሉ በሕዋስ ግድግዳ ላይ ከፔክቲን ጋር ተያይዟል፤ ከፊሉ በቫኩዮል (በሕዋሱ ውስጥ ባለው ትልቅ የፈሳሽ ከረጢት) ውስጥ ሟምቶ በሚሊ ሞላር ደረጃ ይቀመጣል፤ በብዙ ዕፅዋት ደግሞ ከኦክሳሊክ አሲድ ጋር ተጣምሮ ክሪስታል ይሠራል፤ በሳይቶፕላዝም ውስጥ በነጻ የሚገኘው ግን ወደ 100 ናኖ ሞላር ብቻ ነው። በኤክስ ሬይና በሌዘር የሚሠሩ ዘዴዎች እነዚህን ሁሉ ሳይለዩ በድምር ያሳያሉ፤ በብርሃን የሚያበሩ ጠቋሚ ቀለሞች በአንጻሩ የሚያዩት ነጻውን ወይም በቀላሉ የሚላቀቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለት ምስሎች ባይስማሙ አንዱ የግድ ተሳስቷል ማለት አይደለም፤ የተለያየ ጥያቄ ተጠይቀው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚታየው መጠኑ ነው። በደረቅ ቅጠል ውስጥ ፖታሲየም ከክብደቱ ከ1 እስከ 5 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ዚንክ ግን በተለመደው ቅጠል በኪሎ ግራም ጥቂት አሥር ሚሊ ግራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሺህ እጥፍ አካባቢ ስለሆነ፣ ፖታሲየምን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ መሣሪያ ዚንክን ጨርሶ ላያየው ይችላል። መሣሪያ ከመምረጥዎ በፊት ከዚያው ናሙና ጥቂቱን ፈጭተው አጠቃላይ መጠኑን ያስለኩ። ይህ መለኪያ በኋላ ካርታውን ለመፈተሽም ያገለግላል።

ናሙናውን ከነአዮኑ ማቆየት

ለጀማሪ የምመክረው በደረቅ የእህል ፍሬ እንዲጀምር ነው። በደረቀ ስንዴ ወይም ጤፍ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ አዮኖቹ ባሉበት ረግተው ይቆያሉ፤ ከዚያም በላይ በአሊዩሮን ሕዋሳት ውስጥ ፎስፈረስ፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም፣ ዚንክና ብረት በአብዛኛው ከፋይቴት (እህል ፎስፈረስ ከሚያከማችበት ውህድ) ጋር ተያይዘው በትናንሽ እንክብሎች መልክ ስለሚቀመጡ በቀላሉ አይሸሹም። እርጥብ ቅጠልና ሥር ግን ሌላ ነገር ነው።

በአንድ ወቅት የባቄላ ቅጠል ለተለመደው የማይክሮስኮፕ ሥራ እንደሚደረገው በግሉታራልዲሃይድ አጽንቼ፣ በአልኮል ደረጃ በደረጃ ውሃውን አስወጥቼ የፖታሲየም ካርታ ለማንሳት ሞክሬ ነበር። የሕዋሱ ቅርጽ እጅግ ያማረ ነበር፤ የፖታሲየሙ ካርታ ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ያስቀመጥኩትን የማጠቢያ ፈሳሽ ስለካው ፖታሲየሙን እዚያው አገኘሁት። ለቅርጽ የተሠራ አሠራር ለአዮን አይሆንም፤ በተለይ ፖታሲየም፣ ሶዲየምና ክሎራይድን በፈሳሽ ማጽኛ ያለፈ ናሙና ውስጥ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

ለእርጥብ ሕብረ ሕዋስ የሚያዋጣው መንገድ በፍጥነት ማቀዝቀዝ ነው። ቅጠሉን ወይም ሥሩን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከማይበልጥ ቁራጭ ያድርጉ፤ ከተቆረጠበት ቅጽበት እስከሚቀዘቅዝበት ድረስ ያለው ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ይሁን፤ ምክንያቱም የተቆረጠው ዳር ፈሳሹን ማፍሰስ ወዲያውኑ ይጀምራል። ቁራጩን በቀጥታ ወደ ፈሳሽ ናይትሮጅን መጣል ቀላል ቢመስልም ችግር አለው፦ ፈሳሹ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚፈላ በመሆኑ ቁራጩን የጋዝ ሽፋን ይከብበዋል፤ ሽፋኑ ቅዝቃዜውን ስለሚያዘገየው ትላልቅ የበረዶ ክሪስታሎች ተፈጥረው ሕዋሱን ይቀድዳሉ፣ አዮኑንም ወደ ዳር ይገፉታል። ስለዚህ በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዘ ፕሮፔን ወይም ኢቴን መጠቀም፣ እነዚህ ተቀጣጣዮች ስለሆኑ ስጋት ካለ ደግሞ በናይትሮጅን ውስጥ በቆየ ለስላሳ የብረታ ብረት ጡብ ላይ ቁራጩን በፍጥነት መጫን ይሻላል። እንዲህም ሆኖ በደንብ የሚቀዘቅዘው ከገጹ ጥቂት አሥር ማይክሮ ሜትር ብቻ ነው። ወደ 2100 ባር በሚደርስ ግፊት የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ እስከ 200 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ድረስ ይሠራል፤ ዋጋው ግን የማይቀመስ ነው።

በአገራችን ፈሳሽ ናይትሮጅን ከየት ይመጣል የሚል ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከብት በሰው ሠራሽ ዘዴ ለማዳቀል የሚያገለግለው የኮርማ ዘር የሚጠበቀው በዚሁ ፈሳሽ ስለሆነ፣ አቅርቦቱንም አያያዙንም የሚያውቁት የማዳቀል ባለሙያዎች ናቸው፤ እነርሱን ማማከር ጊዜ ይቆጥባል። በጠባብና አየር በማይገባበት ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም እንዳይሠሩበት፤ የሚተነው ጋዝ ኦክስጅንን ገፍቶ ሰው ሳያውቀው ሊያፍን ይችላል።

ከቀዘቀዘ በኋላ ናሙናውን ሳያሞቁ ማድረቅ ያስፈልጋል። በበረዶ ማድረቂያ ውስጥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እንደያዙ ለቀናት ያቆዩት፤ ከዚያ ከቫኩዩሙ ሳያወጡ ቀስ ብለው ወደ ክፍል ሙቀት ያምጡት። እዚህ ላይ መቸኮል ቀደም ሲል የተለፋበትን ሁሉ ያጠፋል። የደረቀው ቁራጭ እርጥበት ስለሚስብ በሲሊካ ጄል በተሞላ ዝግ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በክረምት ወራት ክዳኑ ለአንድ ከሰዓት ተከፍቶ ቢረሳ እንኳ በጨው የበለጸጉ ሕዋሳት ውሃ ስበው ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን እንደገና ሊያሰራጩት ይችላሉ።

ስለ ንጽሕና ጥቂት ቃል ልጨምር። የላስቲክ ጓንቶች በሚመረቱበት ጊዜ ዚንክ ያለባቸው ውህዶች ስለሚገቡባቸው ለዚንክ ሥራ የፖሊኢትሊን ጓንት ይመረጣል። ምላጭ ከፋብሪካ ሲወጣ ስስ የዘይት ሽፋን አለው፤ በአሴቶን ይጠረግ። ብረትን የሚያጠና ሰው ደግሞ የሴራሚክ ስለትና የፕላስቲክ ወረንጦ ቢጠቀም ከብዙ ጥርጣሬ ይድናል። ዕቃዎቹን በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ አሳድሮ በተጣራ ውሃ ማለቅለቅ የማይታለፍ ሥራ ነው።

በትንሽ ወጪ፦ ዚንክን በቀይ፣ ብረትን በሰማያዊ ማየት

እነዚህ ሁለት የቀለም ዘዴዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። አንድ ስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ፣ ጥሩ ምላጭና ጥቂት ኬሚካል ያለው ማንኛውም የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ሊሠራቸው ስለሚችል ሰፋ አድርጌ እገልጻቸዋለሁ።

ለዚንክ የሚያገለግለው ዲታይዞን የተባለው፣ ዚንክ ሲያገኝ የሚቀላ ኬሚካል ነው። 500 ሚሊ ግራም ዲታይዞን በ1 ሊትር ንጹሕ ሜታኖል ውስጥ ያሟሙ፤ ለትንሽ ሥራ 50 ሚሊ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ሜታኖል መርዛማና ተቀጣጣይ ስለሆነ ሥራው በጭስ ማውጫ ሥር ይሁን፤ ብጥብጡም ብርሃን ስለሚያበላሸው በዕለቱ ተዘጋጅቶ በጨለማ ይቀመጥ። የስንዴውን ፍሬ በተጣራ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ዘፍዝፈው ያለስልሱት። ሁሉም ፍሬዎች እኩል ጊዜ ይዘፍዘፉ፤ አንዱ ሰዓት ሌላው ሦስት ሰዓት ከቆየ ልዩነቱ የዝርያው ይሁን የውሃው ማወቅ አይቻልም። ከዚያም ፍሬውን በሆዱ በኩል ያለውን ስንጥቅ ተከትለው በቁመቱ ለሁለት ይሰንጥቁ፤ ምላጩን ወደፊትና ወደኋላ እንደ መጋዝ ሳይሆን በአንድ ምት ይሳቡት፤ አለበለዚያ ሽሉን ወደ ነጩ ክፍል ይቀቡታል።

አንዱን ግማሽ በዲታይዞኑ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይንከሩ፣ ሌላውን ግማሽ ደግሞ ዲታይዞን በሌለበት ሜታኖል ውስጥ ለዚያው ያህል ጊዜ ያቆዩት። ሁለቱንም በውሃ አለቅልቀው፣ ውሃውን በወረቀት መጥጠው በአንድ ዓይነት መብራት ሥር ያስተያዩ። በመጀመሪያ የሚቀላው ሽሉ ነው፤ ገና ጥቂት ደቂቃ ሳይሞላ በፍሬው አንድ ጫፍ ደማቅ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ቀጥሎ ከቆዳው ሥር እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ዙሪያውን ይከባል፤ አሊዩሮኑ ይህ ነው። በመሐል ያለው ነጭ ክፍል ሳይቀላ ይቀራል ወይም በጣም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይይዛል። ብዙ ዚንክ በቅጠሉ ላይ የተረጨለት ስንዴ ከሆነ ግን በስንጥቁ አካባቢ ያለው ቅላት ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊታይ ይችላል፤ ወደ ፍሬው የሚገባው ምግብ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነውና።

ዲታይዞን ከዚንክ ሌላ ከእርሳስ፣ ከመዳብ፣ ከካድሚየምና ከሜርኩሪም ጋር ቀለም ይሰጣል። ከተበከለ መሬት ያልመጣ እህል ውስጥ ዚንኩ ከእነዚህ ሁሉ ስለሚበልጥ ቀዩን ዚንክ ነው ብሎ መተርጎም ያስኬዳል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ አጠገብ የተሰበሰበ ናሙና ከሆነ ግን በዚህ ብቻ መደምደም አይገባም።

ለብረት የሚያገለግለው የፐርልስ ቀለም ሲሆን ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1867 ከገለጸው ጀርመናዊው ማክስ ፐርልስ ነው። 4 በመቶ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድና 4 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለየብቻ ያዘጋጁ፤ ልክ ሥራው ሊጀመር ሲል እኩል በእኩል ይቀላቅሏቸው። ቁራጩን በዚህ ውስጥ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት አቆይተው በተጣራ ውሃ ያለቅልቁ፤ ብረት ያለበት ቦታ ሰማያዊ ይሆናል። ቅልቅሉን በፍጹም አያሙቁት፣ ጠንካራ አሲድም አይጨምሩበት፤ ሲሞቅ መርዛማ የሃይድሮጅን ሳያናይድ ጋዝ ሊወጣ ይችላልና። ማነጻጸሪያው እዚህም ያስፈልጋል፦ አንድ ቁራጭ ፌሮሳያናይድ በሌለበት አሲድ ብቻ ውስጥ ይቆይ። ይህ ቀለም የሚያየው ባለ ሦስት ቻርጁን ብረት ነው፤ ባለ ሁለት ቻርጁን ለማየት በፌሮሳያናይዱ ፈንታ ፌሪሳያናይድ ይገባል።

ሰማያዊው ከደከመ በዳያሚኖቤንዚዲንና በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ማጉላት ይቻላል፤ ውጤቱ ቡናማ ይሆናል። ነገር ግን ዕፅዋት በተፈጥሯቸው ፐሮክሳይዴዝ በሚባለው ኤንዛይም የበለጸጉ ናቸው፤ ኤንዛይሙ አስቀድሞ በሶዲየም አዛይድና በሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ካልታገደ፣ ብረት በሌለበት ሁሉ ቡናማ ቀለም ይመጣል። ብዙ ያማሩ ምስሎችን ዋጋ ያሳጣው ይህ ነው። ዳያሚኖቤንዚዲን ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር፣ ሶዲየም አዛይድም ኃይለኛ መርዝ ስለሆነ በጓንትና በጥንቃቄ ይያዙ።

ጤፍ፦ ትንሽ ፍሬ፣ ትልቅ ጥርጣሬ

የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በጣት ይዞ መሰንጠቅ አይቻልም። በሁለት ፊት የሚያጣብቅ ፕላስተር በስላይድ ላይ ለጥፈው ፍሬዎቹን በረድፍ ይደርድሩ፤ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ እያዩ በአዲስ ምላጭ አንድ በአንድ ይቁረጡ። ከአሥር ፍሬ ሦስት ወይም አራት በደንብ ቢሰነጠቅ ጥሩ ውጤት ነው፤ ትዕግሥት ይኑርዎት። በነጭ ጤፍ መጀመር ይመረጣል፤ የቀይ ጤፍ ቆዳ የራሱ ቀለም ስላለው ቀዩንም ሰማያዊውንም ይሸፍናል።

ከቀለሙ የሚብሰው ግን የአፈር ጉዳይ ነው። ጤፍ በአውድማ ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ከፍሬው ጋር ይቀላቀላል፤ ፍሬው እጅግ ትንሽ በመሆኑም ከክብደቱ አንጻር አፈር የሚይዝበት ገጽ ሰፊ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አፈሩ 5 በመቶ ብረት ቢኖረው፣ በ1 ኪሎ ጤፍ ውስጥ የቀረ 1 ግራም አፈር ብቻውን 50 ሚሊ ግራም ብረት ይጨምራል። ስለ ጤፍ ብረት የሚነገሩት ቁጥሮች እንዲህ የተራራቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሕዝብ በየዕለቱ የሚበላው እህል ስለሆነ ነገሩን በግምት ማለፍ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ምስል ከኬሚካል ትንተና የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። የአፈር ብረት በካርታ ላይ በፍሬው ቆዳ ላይ የተበተኑ ስለታም ነጠብጣቦች ሆኖ ይታያል፤ ተክሉ ራሱ ያስቀመጠው ብረት ደግሞ የሕዋሱን ንጣፍ ተከትሎ ለስላሳ መስመር ይሠራል፣ በሽሉም ውስጥ ይከማቻል። ኤክስ ሬይ የሚጠቀም መሣሪያ ካለ ታይታኒየምንና አሉሚኒየምን አብሮ ማንሳት ይገባል። ታይታኒየም በአፈር ውስጥ በብዛት ሲኖር ተክሉ የሚወስደው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ብረትና ታይታኒየም በአንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ያ ነጥብ አፈር ነው ብሎ መፍረድ ይቻላል። ከዚያው ከረጢት የተወሰደ፣ በተጣራ ውሃ በደንብ የታጠበና ያልታጠበ ጤፍ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንሳት ልዩነቱን ለማንም ግልጽ ያደርገዋል።

የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የኤክስ ሬይ ካርታ

የኤክስ ሬይ መለያ የተገጠመለት ስካኒንግ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያገኘ ሰው ፖታሲየምን፣ ካልሲየምን፣ ፎስፈረስንና ማግኒዚየምን በሕዋስ ደረጃ ማየት ይችላል። የመሣሪያው የማየት ወሰን ከክብደቱ 0.1 በመቶ፣ ማለትም በኪሎ ግራም 1000 ሚሊ ግራም አካባቢ ስለሆነ በተለመደ ቅጠል ውስጥ ዚንክን በዚህ መፈለግ አያዋጣም፤ ዚንክን በቅጠላቸው ከ1 በመቶ በላይ ለሚያከማቹ ልዩ ዕፅዋት ግን ያገለግላል።

ናሙናው ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፍ ሽፋን ሲደረግለት ሽፋኑ ካርቦን ይሁን እንጂ ወርቅ አይሁን። እያንዳንዱ ማዕድን የሚታወቀው በሚሰጠው የኤክስ ሬይ ኃይል፣ ማለትም በመስመሩ ነው፤ ወርቅ በ2.12 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚሰጠው መስመር በ2.01 ላይ ካለው የፎስፈረስ መስመር ጋር ስለሚደራረብ ፎስፈረሱን ይሸፍነዋል። ሌሎችም መደራረቦች አሉ፦ የፖታሲየም ሁለተኛ መስመር 3.59፣ የካልሲየም ዋና መስመር 3.69 ላይ በመሆናቸው ፖታሲየም በበዛበት ሕዋስ ውስጥ የሌለ ካልሲየም ያለ ይመስላል፤ የዚንክ ዝቅተኛ መስመር 1.01፣ የሶዲየም 1.04 ስለሆነም በዚንክ የበለጸገ ናሙና ጨዋማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚሰጠውን ባለ ቀለም ካርታ ከማመን በፊት ከአንድ ሁለት ነጥቦች ላይ መስመሮቹ ሁሉ የሚታዩበትን ሙሉውን የኤክስ ሬይ ስፔክትረም አውጥቶ በዓይን መመርመር ግዴታ ነው። ለፖታሲየምና ለካልሲየም 15 ኪሎ ቮልት ይበቃል፤ የዚንክን ዋና መስመር ለመቀስቀስ ወደ 20 መውጣት ያስፈልጋል፤ ቮልቱ በጨመረ ቁጥር ግን ኤሌክትሮኑ በደረቀው ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ብዙ ማይክሮ ሜትር ዘልቆ ስለሚገባ ምስሉ ይደበዝዛል።

ሊታይ የሚገባው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅም ይረዳል። በገብስና በመሰል የሣር ወገኖች ቅጠል ውስጥ ካልሲየም በብዛት የሚቀመጠው በላይኛው ንጣፍ ሕዋሳት ሲሆን ፎስፈረስ በመሐል ባሉት አረንጓዴ ሕዋሳት ውስጥ ይበዛል። በብዙ ባለ ሁለት ክክ ዕፅዋት ካልሲየሙ ወደ መሐሉ ሕዋሳት ይዞራል። ካርታዎ በገብስ ቅጠል ላይ ፎስፈረስንና ካልሲየምን በሁሉም ሕዋስ እኩል ካሳየ፣ አዲስ ግኝት ነው ከማለትዎ በፊት ወደ አደራረቁ ተመልሰው ያጣሩ።

ሌዘርና ሲንክሮትሮን

በኪሎ ግራም ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ያላቸውን ማዕድናት በካርታ ለማስፈር ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ናሙናውን በሌዘር መስመር በመስመር እየፋቀ ብናኙን አተሞችን በክብደታቸው ለይቶ ወደሚቆጥረው መሣሪያ፣ ወደ አይ ሲ ፒ ማስ ስፔክትሮሜትር የሚልከው ዘዴ ነው። እዚህ የሚበረታታው ካርቦን 13ን (ክብደቱ 13 የሆነውን የካርቦን አተም) እንደ ውስጣዊ ማነጻጸሪያ መያዝ ነው፤ ምክንያቱም ሌዘሩ ጠንካራውን ሥርና ለስላሳውን ቅጠል እኩል አይፍቅም። መሣሪያው በአርጎን ስለሚሠራ ካልሲየም 40 በአርጎን 40 ይሸፈናል፤ 43 ወይም 44 ይመረጥ። ብረት 56ም በአርጎንና በኦክስጅን ጥምረት ስለሚጋረድ የግጭት ክፍሉ (የሚጋርዱ ጥምረቶችን በጋዝ የሚቀንሰው የመሣሪያው ክፍል) ሥራ ላይ መዋል አለበት። ለመለኪያነት የታወቀ ይዘት ያላቸው የቅጠል ዱቄቶች በመጫኛ ተጨፍልቀው እንደ ክኒን ይዘጋጃሉ፤ ከአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም የሚወጣው ቁጥር 1515 የፖም ቅጠል ዚንኩ በኪሎ ግራም 12.5 ሚሊ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ቁጥር 1573ኤ የተባለው የቲማቲም ቅጠል ደግሞ ወደ 31 ሚሊ ግራም አለው፤ በሁለቱ መካከል መስመር ማስመር ለእህል ሥራ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ሁለተኛው የሲንክሮትሮን፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን አፋጥኖ እጅግ ደማቅ ኤክስ ሬይ የሚያመነጭ ትልቅ ተቋም፣ ኤክስ ሬይ ፍሎረሰንስ ነው። በፈረንሳይ ግረኖብልና በአውስትራሊያ ሜልበርን የሚገኙት ማዕከላት፣ በብሪታንያም ዳይመንድ የተባለው ማዕከል ለውጭ ተመራማሪዎች በማመልከቻ ጊዜ ይሰጣሉ፤ በዮርዳኖስ አላን የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው ሴሳሚም ለአካባቢያችን የቀረበ ነው። የጨረር ጊዜ የሚሰጠው በሰዓታት ተቆጥሮ ስለሆነ እዚያ ደርሶ ናሙና ማስተካከል አይታሰብም፤ በቀለም ዘዴ አስቀድሞ የተፈተሸ፣ ቁጥር የተጻፈበት፣ በደረቅ ዕቃ የታሸገ ናሙና ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

በዚህ ዘዴ ብዙዎች የሚስቱት የውፍረትን ነገር ነው። ከዚንክ የሚወጣው ኤክስ ሬይ 8.64 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስላለው ከደረቀ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥልቀት እንኳ ሊወጣ ይችላል፤ የፎስፈረሱ ግን ጥቂት አሥር ማይክሮ ሜትር ሳይጓዝ ይዋጣል። ስለዚህ ወፍራም ቁራጭ ላይ የዚንኩ ካርታ የሚያሳየው ሙሉውን ውፍረት ሲሆን የፎስፈረሱ ካርታ ደግሞ ላዩን ብቻ ነው፤ አንዱን ለሌላው በየነጥቡ ማካፈልም ትርጉም የሌለው ሬሾ ይሰጣል። መፍትሔው ቁራጩን ከ20 እስከ 60 ማይክሮ ሜትር ማቅጠን ነው፤ ያ ካልተቻለ የሚነጻጸሩት ቅርብ ኃይል ያላቸው ማዕድናት ብቻ ይሁኑ።

ሕያው ሕዋስ ውስጥ ያለውን ነጻ አዮን ማየት ሲያስፈልግ ወደ ፍሎረሰንት ቀለሞች ይኬዳል፤ ለዚንክ ዚንፒር 1፣ ለካልሲየም ፍሉኦ 4 የታወቁ ናቸው። ክሎሮፊል ራሱ ቀይ፣ የእንጨታማ ግድግዳው ሊግኒን ደግሞ ሰማያዊና አረንጓዴ ስለሚያበሩ ቀለም ያልነካው ቁራጭ በዚያው የመሣሪያ አቀማመጥ መነሳት አለበት። አዮኑን የሚነጥቅ ኪሌተር ሲጨመር ብርሃኑ ካልጠፋ፣ ያ ብርሃን ከአዮኑ የመጣ አይደለም።

ካርታውን ለአንባቢ ማዘጋጀት

ከአንድ ተክል የተወሰዱ አሥር ቁራጮች አሥር ድግግሞሽ አይደሉም፤ አንድ ድግግሞሽ ናቸው። ቢያንስ ከሦስት የተለያዩ ተክሎች፣ ቅጠል ከሆነ ከአንድ ዓይነት ዕድሜና አቀማመጥ፣ በቀኑ በአንድ ዓይነት ሰዓት ይውሰዱ፤ ካልሲየም ከሚተነው ውሃ ጋር ወደ ቅጠል ስለሚጓዝ ዕድሜውም ቦታውም ለውጥ ያመጣሉ። የሚነጻጸሩ ካርታዎች ሁሉ አንድ የቀለም ሚዛን ይኑራቸው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ካርታ በራሱ ከፍተኛ ነጥብ እንዲያስተካክል ከተተወ፣ ዚንክ የጎደለው ስንዴና የጠገበው ስንዴ እኩል ደምቀው ይወጣሉ። የርዝመት መለኪያ መስመሩ፣ አሃዱና የማየት ወሰኑ ከሥዕሉ ጋር ይታተሙ።

በመጨረሻ ካርታው ላይ ያሉትን ነጥቦች በሙሉ አማክለው የሚገኘውን መጠን መጀመሪያ በአሲድ ከተለካው አጠቃላይ ቁጥር ጋር ያስተያዩ። የፍሬው ክፍሎች ድርሻ በክብደት ተሰልቶ ሁለቱ በእጅጉ ከተራራቁ፣ ወይ መለኪያው ተዛብቷል፣ ወይ ማዕድኑ በመንገድ ላይ ጠፍቷል፣ ወይም ከውጭ ተጨምሯል። ይህን ለማጣራት ቀለም ያልነካው ሌላኛው ግማሽ ፍሬ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ዝርያው፣ የተዘራበት ማሳ፣ የተሰበሰበበት ቀንና የተወቃበት ሁኔታ ተጽፎበት በደረቅ ዕቃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥራው ታትሞ እስኪያልቅ ድረስም አይጣል።